ጥርስ፣ ትኋንና አሳማ፦ የተፈጥሮ ዓላማና ጥርጣሬ በጥንት ግሪኮች ዘንድ

ተፈጥሮ የምትሠራውን የምትሠራው ለዓላማ ነው ወይስ እንዲያው በአጋጣሚ? የጥንት ግሪክ ፈላስፎች በዚህ ጥያቄ ለዘመናት ተከራክረዋል። ዓላማን «ቴሎስ» ይሉታል፤ ፍጻሜ ማለትም ነው።

ከሶቅራጥስ በፊት የነበሩትን በአጭሩ እንለፋቸው። አናክሳጎራስ ሁሉን ያደራጀው አእምሮ ነው አለ። ኤምፔዶክለስ ግን የእንስሳት አካል በአጋጣሚ ይገጣጠም ነበር ባይ ነው፤ ለኑሮ የሚሆነው ተረፈ፣ የማይሆነው ጠፋ። የሰው ፊት ያለው በሬ ሳይቀር ነበር ብሏል።

ነገሩን በወጉ የያዘው አርስቶትል ነው። ማስረጃውም አፋችን ውስጥ አለ። የፊት ጥርስ ስለታም ነው፣ ይቆርጣል። መንጋጋ ሰፊ ነው፣ ይፈጫል። ይህ ዘወትር የሚታይ ነገር ነው፤ አጋጣሚ ደግሞ ዘወትር አይደጋገምም። ስለዚህ ጥርስ የበቀለው ለሥራው ነው። ልብ በሉ፣ እንደ መምህሩ እንደ ፕላቶ ዓለምን የሚያበጅ የእጅ ባለሙያ አላስገባም። ዓላማው ከነገሩ ከራሱ ባሕርይ ይመነጫል። ዝናብስ የሚዘንበው ለእህሉ ሲል ነው ብሎ ያምን ነበር? ሊቃውንት አልተስማሙም፤ እኔ ግን አይመስለኝም። የገዛ ተማሪው ቴዎፍራስቶስ እንኳ የወንድ ጡት ለምን ይጠቅማል ብሎ አፋጥጧል።

ስቶይኮች፣ ማለትም ዓለምን የሚመራው አምላካዊ አእምሮ ነው የሚሉት ፈላስፎች፣ ነገሩን አበዙት። ከመሪዎቻቸው አንዱ ክሪሲፖስ ትኋን የተፈጠረችው ከእንቅልፍ ልትቀሰቅሰን፣ አይጥም ዕቃችንን በየቦታው እንዳንጥል ልታስተምረን ነው እስከ ማለት ደረሰ። አሳማ ደግሞ ለመታረድ የተፈጠረ ነው፤ ነፍሱም ሥጋው እንዳይበላሽ የተሰጠች ጨው ናት።

ጥርጣሬ የገባው እዚህ ላይ ነው፤ የሚገርመው፣ የመጣው ፕላቶ ራሱ ካቋቋመው ትምህርት ቤት፣ ከአካዳሚው ነው። የአካዳሚው መሪ ካርኔዓደስ፣ ፍጥረት ሁሉ የተፈጠረበት ዓላማ ሲደርስለት ይጠቀማል ካላችሁ አሳማው ሲታረድ ተጠቀመ ማለት ነው ብሎ ስቶይኮችን ያዛቸው። (ምሳሌው ለአገራችን ሰው ባይዋጥም፣ ክርክሩ ሸጋ ነው።) ከክርስቶስ ልደት በፊት በ155 አቴናውያን የተጣለባቸው ቅጣት እንዲቀነስ ካርኔዓደስን ከሌሎች ሁለት ፈላስፎች ጋር ወደ ሮም ላኩት። እዚያም አንድ ቀን ለፍትሕ ተሟግቶ በማግስቱ ያንኑ አፈረሰው ይባላል። የሮም የመንግሥት ሰው ካቶ ሰዎቹ ቶሎ ይሸኙልን አለ።

ሌላው የተጠራጣሪ ፈላስፎች መስመር ከግሪካዊው ፒሮ ይጀምራል። ታላቁ እስክንድርን ተከትሎ ሕንድ ድረስ ሄዷል። ስለ እሱ ከሚወሩት አንዱ የመርከብ ወሬ ነው። ማዕበል ተነስቶ ሰው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ፣ ፒሮ መብሉን ረጋ ብሎ የሚበላ አንድ አሳማ አሳያቸው፤ ጠቢብም እንዲህ ሊረጋ ይገባዋል ለማለት ነው።