ለብቻ ታሰረ የሚባለው መቼ ነው?

ለብቻ ስለ መታሰር የሚያወራው «ዘ ቦክስ» የተባለ ቴአትር በተነሳ ቁጥር «ክፍል ውስጥ ብቻውን ያደረ እስረኛ ሁሉ ለብቻው ታስሯል ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አይደለም። መለኪያው ሰዓቱና ከሰው ጋር ያለው ግንኙነት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያጸደቃቸው፣ ስለ እስረኞች አያያዝ የሚደነግጉት የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ነገሩን ቁጭ አድርገውታል። ለብቻ መታሰር ማለት በቀን 22 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ፣ ትርጉም ያለው የሰው ግንኙነት ሳይኖር መታሰር ነው። ከ15 ተከታታይ ቀን ካለፈ የተራዘመ ይባላል። ይሄኛው በደንቦቹ ጭራሽ ክልክል ነው።

ብዙ ሰው የሚደናገረው «ግንኙነት» የሚለው ላይ ነው። አንድ እስረኛ እናስብ። ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ ምግብ ያቀብለዋል፤ «ተቀበል» ብሎት ይሄዳል። አንድ ሰዓት በታጠረች ግቢ ብቻውን ይንጎራደዳል። ሰው አየ እንጂ ከሰው ጋር አልተጫወተም። ስለዚህ ለብቻው ታስሯል።

ደንቦቹ በራሳቸው አስገዳጅ ሕግ አይደሉም። አሠራሩ እንደየአገሩ፣ አሜሪካ ውስጥም እንደየስቴቱ ይለያያል። ለምሳሌ ኒው ዮርክ የ15 ቀኑን ገደብ በሕጓ አስገብታ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች።

የ«ዘ ቦክስ» ደራሲ ሣራ ሹርድ ኢራን ውስጥ 410 ቀን ለብቻዋ ታስራለች። ቴአትሩን የጻፈችው ግን አሜሪካ ውስጥ ለብቻቸው የታሰሩ ሰዎችን አነጋግራ ነው። 22 ሰዓት ወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ ነው፤ መድረክ ላይ ግን የሰው ፊት ይኖረዋል። ለብቻው ታስሮ ለወጣ ሰው ታሪኩ መሰማቱ ራሱ ትልቅ እፎይታ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን እንደየሰው ነው፤ አንዳንዱን ቀለል ይለዋል፣ አንዳንዱን ቁስሉን ይቀሰቅስበታል። እና እባካችሁ፣ ማንንም የራስህን ታሪክ መድረክ ላይ ወጥተህ ተውን ብላችሁ አትጫኑት።