የቪዲዮ ጨዋታ የዕድሜ ገደብና የአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶች

የቪዲዮ ጨዋታ የዕድሜ ደረጃ፣ አንድ ጨዋታ በውስጡ ያለው ግድያ፣ ስድብ፣ ወሲብ፣ ቁማርና አደንዛዥ ዕፅ ተመዝኖ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚፈቀድ የሚወሰንበት አሠራር ነው። የጨዋታውን አስቸጋሪነት አይለካም፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የእግር ኳስ ጨዋታው ፊፋ ለጀማሪ እጅ አስቸጋሪ ነው፤ በአውሮፓ ማሸጊያው ላይ የሚታተመው ቁጥር ግን 3 ነው። ወንጀልና ተኩስ የሞላበት የጂቲኤ 5 ደግሞ 18 ነው።

ደረጃ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ በሕግ ማስከበር ሌላ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ደም እንደሚፈስበት የድብድብ ጨዋታ ሞርታል ኮምባት ባሉ ጨዋታዎች ላይ ክርክር ሲከፍት አምራቾቹ ደነገጡ፤ በዓመቱ ኢኤስአርቢ የተባለውን መዳቢ ራሳቸው አቋቋሙ። እዚያ ደረጃው እስከ ዛሬ በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነው። ካሊፎርኒያ ዓመፅ የበዛበትን ጨዋታ ለልጆች መሸጥ በሕግ ብትከለክልም፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ሕጉን ከንግግር ነጻነት ጋር ይጋጫል ብሎ ሽሮታል።

አውሮፓ ውስጥ መልኩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ፔጊ የተባለው የአውሮፓ የደረጃ አሰጣጥ ሥርዓት ጨዋታዎችን 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 ብሎ ይመድባል። አሳታሚው መጠይቅ ይሞላል፣ መርማሪዎች መልሱን ከጨዋታው ጋር ያመሳክራሉ። ቁጥሩ የሕግ ጉልበት የሚኖረው ግን እያንዳንዱ አገር ሲሰጠው ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2012 ጀምሮ 12፣ 16 እና 18 የተጻፈባቸውን ጨዋታዎች ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ መሸጥን ወንጀል አደረገች፤ ሻጩ እስከ 6 ወር እስራት ሊፈረድበት ይችላል። የዚህ ሁሉ መሠረት የሆነው የ1984ቱ የቪዲዮ ሕግ ታሪክ ፈገግ ያሰኛል። መንግሥት በጊዜው ለአውሮፓ ኮሚሽን ማሳወቅ ሲገባው ረስቶት ነበር። ስህተቱ ከ25 ዓመት በኋላ ሲገኝ ሕጉ ሊሠራበት እንደማይችል ታወቀና በ2010 እንደገና መጽደቅ ግድ ሆነ።

ለአዲስ አበባ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው የጀርመኑ ሕግ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2003 ጀምሮ ዩኤስኬ የተባለው የአገሪቱ መዳቢ የሚሰጣቸው ደረጃዎች ሻጭን ያስገድዳሉ፤ ቅጣቱም እስከ 50,000 ዩሮ ይደርሳል። ሕጉ በሽያጭ ብቻ አላበቃም። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ስፍራ በተቀመጠ መሣሪያ ላይ ልጅ ያለ አሳዳጊ የሚጫወተው ለዕድሜው የተፈቀደውን ብቻ ነው ይላል።

እኛ ዘንድ ጨዋታው ያለው እንዲህ ባለ ስፍራ ነውና። በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ ልጆች ጨዋታ አይገዙም፤ ይከፍሉና ይጫወታሉ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ጠባብ የንግድ ክፍሎችም አብረው ጠፉ፣ ከመንገዱ ጀርባ ያሉት ግን አሁንም ይሠራሉ። ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ የተላላጠ ጆይስቲክ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተራውን የሚጠብቅ ልጅ። ሒሳቡ ብዙ ጊዜ በጨዋታ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል። ጨዋታው ሃርድ ዲስክ ላይ ተገልብጦ የመጣ ስለሆነ ማሸጊያ የለም፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ያየ ተጫዋችም የለም።

ኢትዮጵያ በዕድሜ መከልከልን ታውቀዋለች። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራም ሆነ አልኮል እንዳይሸጥ ያዛል። ለቪዲዮ ጨዋታ ለብቻው የወጣ እንዲህ ያለ ገደብ ግን የለም። ፕሌይስቴሽን ቤት ከመንግሥት ጋር የሚገናኘው በሌላ በር ነው፤ ስሙ ከሺሻ ቤትና ከጫት ቤት ጋር ተደርቦ በትምህርት ቤቶች ዙሪያ ያሉ "አዋኪ ድርጊቶች" በሚባሉት ውስጥ ይነሳል። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ የሚጠይቀው ስለ ንግድ ፈቃድ፣ ስለ ሰዓትና ከትምህርት ቤት ስላለው ርቀት ነው። ማያ ገጹ ላይ ኳስ ይሁን ጥይት አይመለከትም። በዚህ ስሌት 3 የተባለው ፊፋ በትምህርት ሰዓት ጥፋት ነው፣ 18 የተባለው ጂቲኤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥፋት አይደለም።

ሕግ ቢወጣስ ማን ዕድሜ ይጠይቃል? የነዋሪነት መታወቂያ የሚሰጠው 18 ለሞላው ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ቢኖርም የልደት ካርዱን ኪሱ ይዞ የሚዞር የ14 ዓመት ልጅ አይገኝም። በመሆኑም ባለቤቶቹ ራሳቸው ያገኙት መለኪያ ዩኒፎርም ነው። ከበሩ ላይ "ዩኒፎርም ለብሰህ አትግባ!" ይባላል። ልጁ ጥቂት ይርቅና ሹራቡን አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ይከታል፣ የጓደኛውን ጃኬት ደርቦ ይመለሳል፤ ባለቤቱም ያስገባዋል።