«ክራዮቴራፒ» ማቃጠል ነው ወይስ ማቀዝቀዝ?

ሐኪም «ክራዮቴራፒ ይሠራልህ» ሲል ብዙ ሰው ግር ይለዋል። ስፖርተኞች የሚገቡበት ቀዝቃዛ ክፍልም በዚሁ ስም ነዋ የሚጠራው! የቆዳው ግን ሌላ ነው፤ ኪንታሮትን (የፊንጢጣውን ሳይሆን እጅና እግር ላይ የሚወጣውን) እና መሰል ትርፍ ሥጋን በብርድ መግደል ማለት ነው።

የሚረጨው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። የሚፈላው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሆነ፣ ሲነካው ቆዳው በሰከንዶች ውስጥ ነጭ ሆኖ ድርቅ ይላል፣ ሴሎቹ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሠራና ይቀዳድዳቸዋል። ስሜቱ ግን ልክ እንደ እሳት ነው፤ «አስቃጠልኩት» የሚሉት ሰዎች ብዙም አልተሳሳቱም። ከዚያ ውሃ ይቋጥራል፣ ቅርፊት ይሠራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይረግፋል። አታፍርጡት፣ አትላጡት። ኪንታሮት በአንዴ ላይለቅ ስለሚችል በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ መመላለስ ያለ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ብርድ አይችሉም፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ሊቀር ይችላል፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው። ቅርጹን ወይም ቀለሙን የቀየረ «ማርያም የሳመችኝ» ከሆነ ደግሞ ዝም ብሎ አይነካም፤ በመጀመሪያ ናሙናው ይመርመር፣ ከጠፋ በኋላ ካንሰር ይሁን አይሁን በምን ይታወቃል?