የታንጃቩር አውራጃ፦ አስተዳደራዊ ክፍፍሉና ቅርሱ

ታንጃቩር በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ ግዛት ይገኛል። አውራጃው የተቀመጠው የካቬሪ ወንዝ ባሕር ከመድረሱ በፊት በብዙ ክንድ ተከፋፍሎ በሚያጠጣው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ነው። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 2,405,890 ሰዎች ይኖሩበት ነበር፤ ለ1,000 ወንዶች 1,035 ሴቶች ተመዝግበዋል። የቆዳ ስፋቱ ወደ 3,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ታሚሎች አካባቢውን የግዛታቸው የሩዝ ጎተራ ይሉታል፤ ስሙም የሚገባው ነው። የአውራጃው ክፍሎች ለምን እንዲህ እንደተሸነሸኑና የትኛው ቅርስ ለምን በአንዱ ወገን እንደበዛ ለመረዳት፣ የወንዙ ውኃ የት ቦታ በየትኛው ዘመን እንደደረሰ መከተል ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው።

ዛሬ ታንጃቩር የሚባለው አውራጃ ከቀድሞው ሰፊ ግዛት የቀረው ክፍል ነው። ከምዕራብ ሕንድ በመጡት የማራታ ነገሥታት ሥር የነበረው መንግሥት በ1799 በተፈረመ ውል አስተዳደሩን ለእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አስረከበ፤ የመጨረሻው ንጉሥ በ1855 ወንድ ወራሽ ሳይተኩ ሲሞቱ የንግሥና ማዕረጉም ቀረ። እንግሊዞች ያደራጁት ትልቅ አውራጃ ከነፃነት በኋላ ደጋግሞ ተቆርሷል። በ1974 ከፊሉ ወደ አዲሱ ፑዱኮታይ ሄደ፤ በ1991 ናጋፓቲናም ተገነጠለ፤ በ1997 ቲሩቫሩር ራሱን ቻለ፤ በ2020 ደግሞ ማይላዱቱራይ ከናጋፓቲናም ወጣ። ስለ ታንጃቩር የተጻፉ የቆዩ ጽሑፎችን የሚያነብ ሰው ይህን ካላስታወሰ መሳሳቱ አይቀርም። በታኅሣሥ 1968 በኪዝቬንማኒ መንደር፣ የቀን ሠራተኞች የተሻለ ክፍያ በጠየቁበት ግጭት፣ 44 ዳሊቶች (በሕንድ የዘር ሥርዓት ከሁሉ በታች ተደርገው የሚታዩ ወገኖች) ጎጆ ውስጥ እንዳሉ በእሳት ተቃጥለው ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። መንደሩ ያን ጊዜ በታንጃቩር ሥር ነበር፣ አሁን በናጋፓቲናም ነው። የጎተራው ታሪክ ሲተረክ ሩዙን ተክለው ያጨዱት ሰዎች የከፈሉት ዋጋ አብሮ ሊነገር ይገባል።

የአውራጃው የበላይ አስተዳዳሪ ዛሬም «ኮሌክተር» ይባላል፤ በእንግሊዞች ዘመን ዋና ተግባሩ ግብር መሰብሰብ ስለነበር የተረፈ መጠሪያ ነው። ከእርሱ በታች ሦስት የገቢ ክፍሎች አሉ። በታንጃቩር ክፍል የታንጃቩር፣ የቡዳሉር፣ የቲሩቫያሩና የኦራታናዱ ወረዳዎች፣ በኩምባኮናም ክፍል የኩምባኮናም፣ የፓፓናሳምና የቲሩቪዳይማሩዱር፣ በፓቱኮታይ ክፍል የፓቱኮታይና የፔራቩራኒ ወረዳዎች ይገኛሉ። በታሚል ናዱ ወረዳው «ታሉክ»፣ ሹሙም «ታሲልዳር» ይባላል። ከታሉክ በታች «ፊርካ» የሚባል የመንደሮች ስብስብ፣ በመጨረሻም አንድ የመንደር አስተዳደር ሠራተኛ አለ። ይህ የመጨረሻው እርከን እስከ 1980 ድረስ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ፣ በእኛ አነጋገር የጭቃ ሹምነት ዓይነት ሥልጣን ነበር። በዚያ ዓመት የግዛቱ መንግሥት የዘር ሹመቱን ሽሮ በደመወዝ የሚቀጠሩ ሠራተኞችን ተካ። የመሬት መዝገቡ በእጁ ያለ ሰው በመንደር ውስጥ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለሚያውቅ፣ ለውጡ ቀላል አልነበረም።

ከዚህ የመሬትና የግብር መስመር ጎን ለጎን የተመረጡ ምክር ቤቶች መስመር ይሄዳል፦ 14 የፓንቻያት (የመንደር ምክር ቤት) ኅብረቶች በሥራቸውም 589 የመንደር ፓንቻያቶች። መንገድ፣ የመጠጥ ውኃና የመብራት ምሰሶ የመሳሰለው ጉዳይ ወደዚህ ወገን ይመራል። ከከተሞቹ ታንጃቩር በ2014፣ ኩምባኮናም በ2021 ወደ ከፍተኛው የከተማ አስተዳደር ደረጃ አድገዋል።

ሦስቱ ክፍሎች በመልክዓ ምድርም ይለያያሉ። ሰሜኑ፣ በተለይ ኩምባኮናምና ቲሩቫያሩ፣ ካቬሪና ቅርንጫፎቹ ከጥንት ጀምሮ ያጠጡት አሮጌው ዴልታ ነው፤ «ቲሩቫያሩ» የሚለው ስም ራሱ የተቀደሱ አምስት ወንዞች ማለት ነው። እነ ኦራታናዱና ፓቱኮታይ ግን የወንዙን ውኃ በሰፊው ያገኙት በ1934 የሜቱር ግድብ ሲጠናቀቅ አብሮ በተቆፈረው ትልቅ ቦይ ሲሆን፣ ሕዝቡ እስካሁን «ፑዱ አሩ»፣ አዲሱ ወንዝ ይለዋል። በጥንትና በመካከለኛው ዘመን አካባቢውን የገዙት የቾላ ነገሥታት ታላላቅ መቅደሶች በሰሜኑ ታጭቀው በደቡቡ የሚሳሱበት ዋና ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ መቅደስ የሚያቆመው ትርፍ ሩዝ ነበርና። ለውኃው ሥርጭት ቁልፉ ካላናይ ነው፤ ትውፊት ለቾላው ንጉሥ ካሪካላ የሚሰጠው፣ ወደ 2,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው የሚባል የድንጋይ ግድብ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛውያን መሐንዲሶች አጠናክረውት ዛሬም ይሠራል። ገበሬው በየዓመቱ ዓይኑ የሚያርፈው ጁን አጋማሽ ላይ ነው፤ የሜቱር በሮች የሚከፈቱበት የተለመደው ቀን ጁን 12 ሲሆን፣ ውኃው ከዘገየ «ኩሩቫይ» የተባለው አጭሩ የሩዝ ወቅት ያመልጣል።

ታንጃቩር ከተማ መሐል የቆመው የብሪሃዲስቫራ መቅደስ በቾላው ንጉሥ በቀዳማዊ ራጃራጃ ዘመን በ1010 ተጠናቀቀ። ማማው ወደ 60 ሜትር ይደርሳል፤ ደለል ባነጠፈው ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ድንጋይ ስለማይገኝ ግራናይቱ ከሩቅ የመጣ ነው። ከቁመቱ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን በመሠረቱ ዙሪያ የተቀረጸው ጽሑፍ ነው። ንጉሡ እርሱና ታላቅ እኅቱ ኩንዳቫይ፣ ንግሥቶቹና ሌሎችም የሰጡት ሁሉ በድንጋይ ላይ እንዲጻፍ አዘዘ፤ ስለዚህ የወርቁ ሚዛን፣ የዕንቁው ቁጥር፣ ሩዛቸው ለመቅደሱ በጉልት መልክ የተመደበው መንደሮች ስም ዛሬም ይነበባል። ከየሀገሩ መቅደስ ተጠርተው የመጡ 400 ሴት ተወዛዋዦች በስማቸው፣ በሰፈራቸው ረድፍና በቤታቸው ተራ ቁጥር ተዘርዝረዋል፤ ለእያንዳንዷ በዓመት 100 «ካላም» ሩዝ ተቆርጦላታል። ዩኔስኮ መቅደሱን በ1987 በዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ በ2004 ኩምባኮናም አጠገብ ያለውን የዳራሱራምን መቅደስና ዛሬ በአሪያሉር አውራጃ የሚገኘውን ጋንጋይኮንዳ ቾላፑራምን ጨመረበት።

የኋለኞቹ ነገሥታት ውርስ በአብዛኛው መጽሐፍና ዜማ ነው። በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ያለው የሳራስቫቲ ማሃል ቤተ መጻሕፍት ከማራታዎች በፊት በገዙት በናያክ ነገሥታት ተጀምሮ በማራታው ሴርፎጂ 2ኛ ሰፋ፤ በታሚል፣ በሳንስክሪት፣ በማራቲና በቴሉጉ የተጻፉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የዘንባባ ቅጠልና የወረቀት ጽሑፎችን ይዞ በ1918 ለሕዝብ ተከፈተ። በ1847 ቲሩቫያሩ ላይ ያረፈው የዜማ ደራሲ ትያጋራጃ መቃብር ለረጅም ጊዜ ጧሪ አጥቶ ነበር። በ1920ዎቹ ቤተ ጸሎት ያሠራችለት ዘፋኟ ባንጋሎር ናጋራትናማ ስትሆን፣ በዚያን ዘመን በመታሰቢያው በዓል ላይ ሴቶች እንዳይዘፍኑ ይከለከሉ ነበር። ዛሬ በየዓመቱ በጥር ገደማ ሴትና ወንድ ሙዚቀኞች ወንዙ ዳር መሬት ላይ ረድፍ ይዘው ተቀምጠው አምስቱን ታላላቅ ዝማሬዎቹን በአንድ ድምፅ ያወርዳሉ። ኩምባኮናም በበኩሏ በ12 ዓመት አንድ ጊዜ የማሃማሃም የጥምቀት በዓል ታከብራለች፤ የመጨረሻው በ2016 ነበር። የሒሳብ ሊቁ ስሪኒቫሳ ራማኑጃን ያደገባት ቤትም እዚያው ተጠብቃ ትታያለች።

ከኩምባኮናም ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ባለው በስዋሚማላይ የነሐስ ጣዖት ሠሪዎች ከቾላ ዘመን የወረሱትን ሙያ ይዘዋል። ባለሙያው የምስሉን መጠን የሚለካው በኮኮናት ቅጠል ነው፤ ቅጠሉን በምስሉ ቁመት ልክ ቆርጦ፣ አጥፎ አጥፎ ይከፋፍልና እጥፋቱን ተከትሎ የፊቱን፣ የደረቱንና የእግሩን ድርሻ ያወጣል። ቀጥሎ ምስሉን በሰምና በሙጫ ድብልቅ ይሠራዋል። በላዩ መጀመሪያ የሚቀባው ከካቬሪ ዳር የሚመጣው ልስልስ ደለል ነው፤ የጣት ጥፍርና የጌጥ ጠርዝ ሳይቀር በዚህ ጭቃ ላይ ይታተማል። ከዚያ ሻካራው ጭቃ ይደረብና በሽቦ ይታሰራል፤ ቅርጹ ሲጋል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በቦታው የቀለጠው ነሐስ ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝም ጭቃው ይሰበራል። ስለዚህ ከአንድ ቅርጽ ሁለት ምስል አይወጣም።

በ2020 የታሚል ናዱ ምክር ቤት የካቬሪ ዴልታን የተጠበቀ ልዩ የእርሻ ቀጠና የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ሕጉ አዳዲስ የነዳጅና የጋዝ ፍለጋ ሥራዎችን በቀጠናው ይከለክላል፤ ቀድሞ የተጀመሩትን ግን አያስቆምም። ታንጃቩርን፣ ቲሩቫሩርንና ናጋፓቲናምን ከአጎራባች አውራጃዎች ጥቂት የፓንቻያት ኅብረቶች ጋር በአንድ ላይ ስለሚሸፍን፣ በየጊዜው የተቆራረሰው አሮጌው የሩዝ ምድር በዚህ ሕግ እንደገና በአንድ ድንበር ውስጥ ተቆጥሯል።