ኤሚ ለምን ያለፈውን ሲዝን ይሸልማል?

እዚህ ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ የሲሪስ ወሬ ከተነሳ ሁሌ የሚያከራክረን ነገር አለ፣ አዲስ ሲዝን እያለ ኤሚ የሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ለምንድነው አይተን የጨረስነውን የሚሸልመው? ነገሩ እንዲህ ነው። የኤሚ አመት በጃንዋሪ አይጀምርም፣ ከጁን 1 እስከ ሜይ 31 ነው የሚቆጠረው፣ በኛ ከግንቦት 24 እስከ ቀጣዩ ግንቦት 23 ማለት ነው፣ ሽልማቱ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም አካባቢ ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ የወጣ ሲሪስ ለዛው መስከረም አይደርስም፣ ከአመት በላይ ይጠብቃል።

«ዘ ቤር» የሚባለውን የአሜሪካ ሲሪስ እዩት። ሲዝን 2 የወጣው ጁን 2023 ነው፣ የተሸለመው ግን ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024፣ ያኔ ሲዝን 3 ወጥቶ ሁለት ወር አልፎታል። ዋናው ተዋናይ ጀረሚ አለን ዋይት ያን ቀን ያሸነፈው በሲዝን 2 ነው እንጂ በ3 አይደለም። ይባስ ብሎ 2023 ላይ የሆሊውድ ጸሀፊዎችም ተዋናዮችም አድማ ስለመቱ የዛ አመት ሽልማት ወደ ጃንዋሪ 2024 ተገፋና በአንድ አመት ሁለት ኤሚ ሆነ፣ የ«ዘ ቤር» ሲዝን 1 የተሸለመው በጃንዋሪው ነው። ህጉ ራሱ ችግር የለበትም፣ ግን አሸናፊ ሲነገር ሲዝኑም አብሮ ቢጠራ በጣም ደስ ይለኛል።