ፓራኒዮፕላስቲክ የነርቭ ሕመም ምንድን ነው?

ጎጃም ውስጥ የአንድ ሰው እግር ሲከዳው ቶሎ የሚጠረጠረው ጓያ ነው። ጥርጣሬው ያለምክንያት አይደለም። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግር ይገትራል፤ ሰውየው በጣቱ ጫፍ፣ ጉልበቱን እያጋጨ ይሄዳል፤ ቆዳው ግን አይደነዝዝም። እግሩ ሳይገተር የዛለ፣ የደነዘዘ ወይም እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ሰው ሌላ ምክንያት ይፈለግለት። ስኳር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ኤችአይቪና የአከርካሪ ቲቢ ይቀድማሉ። እነሱ ካልተገኙ፣ ብርቅ ቢሆንም፣ ያልታወቀ ካንሰር ሊኖር ይችላል።

ካንሰር እንዲህ የሚያስከትለው ሕመም ፓራኒዮፕላስቲክ የነርቭ ሕመም ይባላል። ካንሰሩ ወደ ነርቭ ተሰራጭቶ አይደለም። አንዳንድ ዕጢዎች የነርቭ ሕዋስ ያለውን ዓይነት ፕሮቲን ያወጣሉ። የሰውነት መከላከያ ዕጢውን ሊያጠፋ ሲነሳ ነርቩንም አብሮ ይመታል። ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ይህ ስለሚጀምር፣ ሰውየው ሳይከሳና ሳያስል ነርቩ በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቀድሞ ይታመማል።

ከእነዚህ ሕመሞች አንዱን፣ ላምበርት ኢተን የሚባለውን እንይ። ታማሚው ከመደብ ሲነሳ እጁን ይደገፋል፣ ዳገት ያቅተዋል፣ አፉ ይደርቃል። ጭኑን 10 ሰከንድ ያህል በኃይል ካሠራው ግን ለአፍታ ይበረታል። ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ካንሰር ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ አጫሾችን የሚይዘው የሳንባ ካንሰር ነው። ሴት በሳምንታት ውስጥ መራመድና መናገር ከተሳናት የጡትና የኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ይታሰባል። ወጣት ሴት በቀናት ውስጥ ጠባይዋ ተለውጦ የሚጥል ሕመም ከተነሳባት ደግሞ ምክንያቱ የኦቫሪ ዕጢ ሊሆን ይችላል። ጸበል የሚወስዷት ቤተሰቦቿ ሐኪም ቤቱንም በዚያው ሳምንት ያድርሷት፤ ይህ በጊዜ ከታከመ ብዙ ጊዜ ይድናል።

ምርመራው የደረት፣ የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን ነው፤ ለሴት ጡትና ኦቫሪ፣ ለወጣት ወንድ የቆለጥ አልትራሳውንድ ይጨመራል። የሰውነት መከላከያው ነርቩን የሚመታበት ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ አለመገኘቱ ሕመሙ የለም አያሰኝም። ብዙዎች የሚሳሳቱት የመጀመሪያው ሲቲ ንጹሕ ሲሆን ነው፤ ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ በየ4 እስከ 6 ወሩ፣ ለ2 ዓመት ይደገማል። የሞተ የነርቭ ሕዋስ አይመለስምና መዘግየቱ ያስከፍላል።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «ቆየብኝ» ብቻ አትበሉ። «ለመስቀል ደመራ በእግሬ ሄጃለሁ፣ ለጥምቀት በዱላ፣ ለፋሲካ ሰው ደግፎኝ» ማለት ሕመሙ በምን ፍጥነት እንደሮጠ ይነግረዋል።