የወደብ መከላከልና የጠረፍ ቅኝት ምንድን ነው?

ኮምቦልቻ ላይ «ወደብ» ካልክ ሰው ሁሉ የሚያስበው ደረቅ ወደቡን ነው። ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ተደርድሮ፣ ከባድ መኪና ተሰልፎ፣ አቧራው እየጨሰ። ውሃ የሚባል ነገር የለም። እኛ ጋ ባሕሩን በዓይናቸው ያዩት የአሰብን መንገድ የነዱ ሾፌሮችና ምጽዋ ያገለገሉ ወታደሮች ናቸው። እነሱም እያረጁ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ አዛውንት አሉ። በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበሩ። ባለፈው ቡና ላይ የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ የጦር መርከብ ነድተዋል?» ብሎ ጠየቃቸው። «የለም የኔ ልጅ፣ እኔ ወደብ ጠባቂ ነበርኩ» አሉት። ልጁ ቅር አለው። የፋብሪካ በር የሚጠብቅ ዘበኛ መስሎት ይሆናል። እሳቸውም አላብራሩለትም፤ ስኒያቸውን አንስተው ዝም አሉ። እኔ ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ሥራው ምን እንደሆነ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያስረዳለት ይገባ ነበር።

የወደብ መከላከል ማለት መርከብ የሚገባበትን በር፣ የሚቆምበትን ውሃ፣ ጭነትና ነዳጅ የሚያራግፍበትን ቦታ ከጥቃት መጠበቅ ነው። የጠረፍ ቅኝት ደግሞ ከዳርቻው ሆኖ ሌት ተቀን ውሃውን ማየትና ማዳመጥ፣ የታየውን መመዝገብ፣ ለሚመለከተውም ቶሎ ማሳወቅ ነው። ሁለቱ በስም ይለያዩ እንጂ በተግባር አይነጣጠሉም። ያላየኸውን ልትከላከል አትችልም።

ቆላ ወሎ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ቃሉ፣ ሐርቡ፣ ባቲ አካባቢ ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ይሠራል። ልጅ ወንጭፉን ይዞ ማማው ላይ ይወጣል። ዋናው ሥራው ወፍ መግደል እንዳይመስልህ። ግሪሳው ከየት በኩል እንደተነሳ ቀድሞ ማየት ነው። ቀድሞ ካየ አንድ ጩኸትና አንድ ጠጠር ይበቃዋል። ከዘገየ መንጋው ማሽላው ላይ ሰፍሯል፤ ያኔ ቢጮህም ቢወነጭፍም እሸቱ ተበልቷል። ወደብ ላይ ያለው ሰውም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የእሱ ግሪሳ ከውሃ በላይም ከውሃ በታችም መምጣቱ ነው።

ለምን ወደብ ይህን ያህል ጥበቃ አስፈለገው? የጦር መርከብ ባሕር ላይ ሳለ ይንቀሳቀሳል፤ ራዳሩ ይሠራል፤ መድፉ ዝግጁ ነው። ወደብ ሲገባ ግን በገመድ ታስሮ ይቆማል። ነዳጅ ይቀዳል። ግማሹ ሠራተኛ ይተኛል። ያኔ ጥቂት ሰዎች ትልቅ ጉዳት ሊያደርሱበት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1941 ስድስት ጣሊያናውያን ጠላቂ ዋናተኞች ሦስት አነስተኛ የውሃ ውስጥ መጓጓዣዎች ላይ ተቀምጠው እስክንድርያ ወደብ ገቡ። የገቡት የእንግሊዝ መርከቦች ሲመለሱ የወደቡን በር የሚዘጋው የብረት መረብ በተከፈተላቸው ቅጽበት ነበር። ለወዳጅ በተከፈተ በር ተከትለው ገቡ ማለት ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥና ቫልያንት የተባሉ ሁለት ግዙፍ የጦር መርከቦች ላይ ፈንጂ አጥምደው ከጥቅም ውጭ አደረጓቸው።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው እንዳትለኝ፣ ከእኛ ባሕር ማዶ ኤደን ወደብ ላይ የሆነውን አስብ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 2000 የአሜሪካው ኮል መርከብ ነዳጅ እየቀዳ ነበር። ሁለት ሰዎች የተሳፈሩባት አንዲት ትንሽ ጀልባ ተጠግታ ፈነዳች። 17 መርከበኞች ሞቱ። ወደብ ውስጥ ትንሽ ጀልባ እንግዳ ነገር አይደለችም። ገመድ የምታስር አለች፣ ቆሻሻ የምትሰበስብ አለች፣ ዓሣ የምታጠምድ አለች። አንዷን ከሌላዋ መለየት ነው ጭንቁ።

ለዚህ ነው ጥበቃው በአንድ አጥር የማይወሰነው። ሩቁን የሚያየው ራዳር ነው፤ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ወደ ወደቡ የሚመጣውን ሁሉ ይከታተላል። ግን ራዳር ትልቅ ብረት ይወዳል። ከእንጨት የተሠራች ዝቅ ያለች ሳምቡክ የምትባል ጀልባ በማዕበል መሃል ልታመልጠው ትችላለች። ስለዚህ ሙቀት የሚያይ ካሜራ ይጨመራል፤ በጨለማ የሰውንና የሞተርን ሙቀት ይለያል። ከዚያ ቀጥሎ የቅኝት ጀልባዎች አሉ። ያልታወቀውን ጠጋ ብለው «ማን ነህ? ወዴት ነህ?» ይላሉ። ከውስጥ ደግሞ የብረት መረብ፣ ማቆሚያው ላይ የሚቆሙ ዘቦች፣ የመርከቡን ሆድ እየዳሰሱ ፈንጂ የሚፈልጉ ጠላቂዎች አሉ።

ከውሃ በታች ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ብርሃን አይረዳም፤ የሚረዳው ድምፅ ነው። ሐይቅ ከተማ ሌሊት ከሐይቁ ዳር የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ ታንኳው ሳይታይ የቀዛፊው ወሬ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከውሃው በታች ደግሞ ድምፅ ከአየር ላይ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ሶናር የሚባለው መሣሪያ በዚህ ነው የሚሠራው። አንዱ ዓይነት ዝም ብሎ ያዳምጣል። ሌላው ድምፅ ይልክና የገደል ማሚቶውን ይጠብቃል። ጥልቅ ውቅያኖስ ላይ ይህ ጥሩ ነው። ወደብ ግን ጥልቀት የለውም። ድምፁ ከታች ከድንጋዩ፣ ከላይ ከውሃው ገጽ፣ ከጎን ከግንቡ እየተጋጨ ይመለሳል። በሞቃት ባሕር ደግሞ ጥፍራቸውን እያጮሁ የሚንጫጩ ሽሪምፖች አሉ፤ በማዳመጫ ሲሰሙ ዘይት ላይ የተጣደ ሽንኩርት ይመስላሉ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል አንድ ዋናተኛ ለመስማት ጆሮ ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ልምምድ ይፈልጋል። አሜሪካኖች ቬትናም ካም ራን ቤይ ላይ ለዚህ ሥራ የሰለጠኑ ዶልፊኖችን እስከ ማሰማራት ደርሰዋል። ዶልፊን ከሰው መሣሪያ የተሻለ ሶናር አላት።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መሣሪያ ነው። እኔን የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ግን ከመሣሪያው ጀርባ ያለው ሰው ነው። አውስትራሊያ ሲድኒ ወደብ ላይ የሆነውን ስታነብ አንተም ታስብበታለህ።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1942 ነው። ሲድኒ ወደብ አፉ ላይ የባሕር ወለል ላይ የተዘረጋ ኬብል ነበረው። ከብረት የተሠራ ነገር ከላዩ ሲያልፍ በኬብሉ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ዳርቻ ላይ ያለው መሣሪያም ይመዘግበዋል። የዚያን ቀን በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን መሣሪያው መዘገበ። ያለፈው ጃፓናውያን የላኩት ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ነበር። ግን በዚያ ሰዓት የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባዎችም ወዲያ ወዲህ ይሉ ስለነበር ምልክቱ ትኩረት አላገኘም።

ሰርጓጁ ጥቂት እንደሄደ መረቡ ውስጥ ተጠላለፈ። ማን አየው? የጦር መኮንን አይደለም። ጄምስ ካርጊል የሚባል የወደቡ የሌሊት ጥበቃ ነው። አንድ ነገር መረቡ ላይ ታይቶት በጀልባ ቀዝፎ ሄደ፤ አየው፤ ተጠራጠረ። ከዚያ ወደ ቅኝት ጀልባ ቀዝፎ ሄዶ ተናገረ። ጀልባዋ ግን ፈንጂ ይሆናል ብላ አመነታች። ሰዓት ሄደ። በዚህ መሃል ሁለተኛው ሰርጓጅ ገባ፤ እሱንም ኬብሉ መዝግቦት ነበር። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ የአሜሪካን መርከብ አነጣጥሮ የተኮሰው ቶርፒዶ፣ በውሃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ፣ ዒላማውን ሳተና የመርከበኞች ማደሪያ የነበረች ኩታቡል የምትባል ጀልባ ሥር ፈነዳ። 21 ሰው ሞተ።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። መሣሪያው አይቷል። ዘበኛውም አይቷል። የጎደለው ዓይን አልነበረም። የታየው ነገር ከአየው ሰው ተነስቶ እርምጃ ወደሚወስደው ሰው የደረሰበት መንገድ ነው የረዘመው። ሮንድ የወጣ ሰው ይህን ያውቃል። ፊሽካውን የሚነፋ ሰው ብቻውን ሌባ አይዝም። ፊሽካውን ሰምቶ ከአልጋው የሚነሳ ጎረቤት ያስፈልጋል።

ሌላም ችግር አለ፤ ድካም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች የራዳር ተመልካቾቻቸው ሰርጓጅ መርከብ ለምን እንደሚያመልጣቸው ግራ ገባቸው። ኖርማን ማክዎርዝ የሚባል ተመራማሪ ሰዎችን አንድ የሰዓት ቆጣሪ የመሰለ ነገር ፊት አስቀምጦ ሞከረ። ቀስቱ አልፎ አልፎ ሁለት እርምጃ ይዘላል፤ ያንን ማስተዋል ነው ሥራቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብዙ ዝላይ ያመልጣቸው ጀመር። ሰዎቹ ሰነፍ ስለነበሩ አይደለም። ምንም የማይሆንበትን ነገር ማየት ከሥራ ሁሉ ይከብዳል። ማማ ላይ ከቀትር በኋላ የሚያንቀላፋውን ልጅ የሚቆጣ አባት ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነበር። ስክሪን ላይ የሚቀመጠው ሰው ቶሎ ቶሎ የሚቀያየረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ከጅቡቲ የተነሳ ከባድ መኪና በጋላፊ ገብቶ ሚሌን አልፎ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ይደርሳል። ዘይቱ፣ ማዳበሪያው፣ የፋብሪካው መለዋወጫ የሚመጣው በዚህ መስመር ነው። ስለዚህ ቀይ ባሕር ላይ የሚሆነው ነገር ደሴ ገበያ ድረስ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1984 ክረምት ቀይ ባሕር ላይ በተጣሉ ፈንጂዎች ከ15 በላይ መርከቦች ተጎዱ። በ2002 የመን አቅራቢያ ሊምበርግ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ ፈንጂ በያዘች ጀልባ ተመታች፤ ወደ የመን የሚሄዱ መርከቦች የኢንሹራንስ ዋጋም አሻቀበ። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በንግድ መርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ቀይ ባሕርን ትተው አፍሪካን ዞረው መሄድ ጀመሩ። ወደብን ለመዝጋት ግንብ ማፍረስ አያስፈልግም። የመርከብ ባለቤት ከፈራ ወደቡ ተዘጋ ማለት ነው።

እኛም ይህን ሥራ በእጃችን ይዘነው ነበር። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ተቋቋመ፤ ዋና የጦር ሰፈሩ ምጽዋ ነበር። ምጽዋ ራሷ ወደብን መከላከል ሲያቅት ምን እንደሚደረግ ያየች ከተማ ናት። በ1941 ጣሊያኖች ከተማዋን ከመልቀቃቸው በፊት የራሳቸውን መርከቦች ወደቡ ውስጥ አሰጠሙ፤ መግቢያውን በሬሳ መርከብ ደፈኑት። ያንን ለመጥረግ በ1942 ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ አሜሪካዊ መኮንን በዚያ ሙቀት ጠላቂዎቹን ይዞ ወራት ደክሟል። የእኛ ባሕር ኃይል ደግሞ ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች በኋላ በ1996 ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገና እንደሚቋቋም ተነገረ፤ በመጋቢት 2019 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ዜናው ሲወራ ጎረቤቴ አዛውንት የጠየቁት ስለ መርከብ ብዛት አልነበረም። «ቅኝቱን ማንን ሊያስተምሩ ነው?» ነበር ያሉት።

ይህ ጥያቄ ወደ ተጠባባቂው ያመጣናል። ተጠባባቂ ኃይል ማለት በሰላም ጊዜ በየሥራው የሚውል፣ ሲጠራ ግን ዩኒፎርም የሚለብስ ሰው ነው። አንዳንድ አገሮች የወደብ ጥበቃን ለተጠባባቂ መስጠት ይመርጣሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሰላም ጊዜ ሁሉም ወደብ ሙሉ ጥበቃ አይፈልግም። ጦርነት ሲመጣ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ወደብ ላይ ብዙ ሰው ያስፈልጋል። ያን ሁሉ ሰው ዓመት ሙሉ ደመወዝ ከፍሎ ማስቀመጥ ከባድ ነው።

በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ ከቬትናም ጦርነት በኋላ ይህ ሥራ በአብዛኛው የተጠባባቂዎች ሆነ። ክፍሎቹ በከባድ መኪና የሚጎተት ሳጥን የመሰለ ቤት ነበራቸው። ውስጡ የራዳር ስክሪን፣ የሶናር ማዳመጫና ሬዲዮ አለው። ባሕሩ ላይ ተንሳፋፊ ማዳመጫዎች ይጥላሉ፤ ድምፁ በሬዲዮ ወደ ሳጥኑ ይመጣል። ሙሉው ነገር ተነስቶ ሌላ አገር ዳርቻ ላይ ሊተከል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወርር እነዚህ ክፍሎች ተጠርተው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ባሕሬን ሄዱ። ታንኩና ጥይቱ በሚራገፍባቸው ወደቦች ላይ ሌሊቱን ሲያዳምጡ አደሩ።

የዚህ አሠራር ጥቅም ገንዘብ ብቻ አይደለም። ተጠባባቂው ከቤቱ ሙያ ይዞ ይመጣል። ከዓሣ አጥማጆች መሃል ያደገ ሰው መረብ የምትጥልን ጀልባ፣ መረብ የምትጥል ከምታስመስል ጀልባ ይለያል። ወደብ ላይ የሠራ ሰው የትኛው ክሬን በስንት ሰዓት እንደሚንጫጫ ያውቃል። መካኒክ ጄኔሬተሩ ሲታመም ከድምፁ ይረዳል። ጉድለቱ ደግሞ ልምምድ ነው። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት ብቻ የሚሰለጥን ጆሮ በቀላሉ ይዶለዱማል። ስለዚህ በተገናኙ ቁጥር ያንኑ ነገር ይደጋግማሉ። አንዱ በጨለማ በጀልባ ይሾልካል፤ ሌሎቹ ይፈልጉታል። በስንት ደቂቃ እንዳዩት፣ ካዩት በኋላ በስንት ደቂቃ ሬዲዮ እንደተነሳ ይጻፋል።

እሁድ ማታ ሳጥኑ ይቆለፋል። መዝገቡ ይፈረማል። ሰኞ ጠዋት ሶናር ሰሚው መሰላሉን ተሸክሞ የሰው ቤት መብራት ሊጠግን ይወጣል።